ቀርቀሃው ያበበ ዓመት

በአያ ፈንታ ለቅሶ ላይ ወንበር ሰጡኝ። ሌሎቹ ሴቶች መሬት ላይ በተጎዘጎዘው ሣር ተቀምጠዋል፤ እኔን ግን «ከሩቅ ነው የመጣችው፣ እግሯ አብጧል» ብለው ከጓዳ አንድ የቀርቀሃ ወንበር ጎትተው አመጡና ግድግዳ አስጠግተው አስቀመጡኝ። ወንበሩ ጭስ ጠጥቶ ጠጥቶ ጠቁሯል፤ የእጅ ማሳረፊያው ብቻ በመዳፍ ብዛት ያብረቀርቃል። መደገፊያው ላይ ክብ ፀሐይ አለ። ከፀሐይዋ ጨረሮች አንዱም አልተሰበረም። እንደሚያለቅስ ሰው ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ ጎንበስ አልኩና አሸተትኩት። ጭስ ይሸታል፤ ከጭሱ ሥር ደግሞ፣ ከሩቅ፣ የተቃጠለ ስኳር የሚመስል ነገር።

እንደሚያለቅስ ሰው ያልኩት ውሸት ነው። አልቅሻለሁ። ለአያ ፈንታ ብቻ ግን አልነበረም።

ያንን ሽታ የማውቀው ሦስተኛ ክፍል ከነበርኩበት ዓመት ነው። አባቴ ይርሳው ያኔ እንጅባራ፣ አስፋልቱ ዳር፣ ቀርቀሃ ይሠራ ነበር። «ሱቃችን» የምንለው አራት የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ አንድ ሰማያዊ ሸራና ከበርሜል የተቆረጠ እሳት ማንደጃ ነው። ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ የሕፃን አልጋ፣ አምፑል የሚለብሰው ክዳን ይሠራል። ወደ ባሕር ዳር የሚያልፍ ባለ መኪና ያይና ፍሬን ይይዛል። አባቴ ቀና ብሎ እንኳ አያይም፤ የምትሮጠው እናቴ ናት። እናቴ የዝና የዳንግላ ከተማ ልጅ ናት፤ አገውኛ አትሰማም፣ ማፈር የሚባል ነገርም አታውቅም። አባቴ ዋጋ ሲጠየቅ የሰረቀ ይመስል አንገቱን ይደፋል። «እሱ ይሥራ፣ እኔ ልናገር» ትል ነበር፤ ቤታችንም በዚያ ይተዳደር ነበር።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን ሳላወርድ እሳቱ አጠገብ እቀመጣለሁ። እርጥብ ቀርቀሃ እሳት ሲነካው መጀመሪያ የተቀቀለ በቆሎ ይሸታል። ትንሽ ቆይቶ ጫፉ ላይ ውሃ ያወጣል፣ ይንጫጫል፣ ከዚያ ስኳር ማሽተት ሲጀምር አባቴ «አሁን እሺ ብሏል» ይልና በጉልበቱ ላይ ያጎብጠዋል። ሌላ ሰው ቢሞክረው ይሰበራል። አባቴ ስንጥቁን እያጎበጠ የወንበር መደገፊያ ላይ ክብ ፀሐይ ይሠራ ነበር፤ ጨረሮቿ እስከ ወንበሩ ጠርዝ ይደርሳሉ። ማንም አላስተማረውም። አንድ ቀን ብርድ ሲበረታበት ሠራት፤ እንጅባራ ጭጋግ ውስጥ ፀሐይ ስትወጣ ከማየት የበለጠ ምን ደስ ይላል ብሎ። ሠርቶ ሲጨርስ ወንበሩን ገልብጦ ከመቀመጫው ሥር በጋለ ሚስማር አንዲት ትንሽ ፀሐይ ይተኩሳል። ስሙ እሷ ነበረች።

ቤታችን ውስጥ ግን አንድ ወንበር አልነበረም። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት እኛን ነው። እናቴ ለእንግዳ የጠላ ማሰሮ ገልብጣ ጨርቅ ታለብስበት ነበር። ለቤት የተሠራ ወንበር ሁሉ ከበር ሳያልፍ ዘመድ ይወስደዋል። የአክስት ልጅ አገባ፣ አልጋ። የአጎት ልጅ ወለደች፣ የሕፃን አልጋ። የክርስትና አባቴ ቤት ሠሩ፣ ሁለት ወንበር። «ይርሳው አለ አይደል!» ይላሉ። ይርሳው ደግሞ አለ።

ከሁሉ በላይ አያ ፈንታ ነበሩ። ታላቅ ወንድሙ ናቸው፤ አባትና እናታቸው ሲሞቱ አባቴ ገና ጥርሱን የሚነቅል ልጅ ነበር። አያ ፈንታ በጀርባቸው አዝለው አሳደጉት። ለእሱ ብለው ትዳራቸውን እስከ ጉልምስና አቆዩት ይባላል፤ በኋላም ልጅ አልወለዱም። ከእንጅባራ ወደ አዲስ ቅዳም ሲኬድ ገባ ብሎ፣ ከቤታቸው ጀርባ፣ ከአያት የወረሱት የቀርቀሃ ጫካ ነበራቸው። አባቴ የሚሠራበት ቀርቀሃ ሁሉ ከዚያ ነው የሚመጣው፤ በነፃ። እሱም በየዓመቱ የመጀመሪያውን ወንበር ለእሳቸው ያደርሳል፤ ለአጨዳ፣ ለድንች፣ ለአጥር ሲጠሩት ሸራውን ጠቅልሎ ይሄዳል። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀም ቢሆን ይሄዳል።

«እኔን ሰው ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው» ይላል።

«እሳቸውስ ሰው አድርገውሃል፤ ያንን ሰው እኛ መቼ ነው የምናየው?» ትላለች እናቴ።

ያን ዓመት መስከረም ላይ ከዳንግላ አንዲት ሴት መጡ። እትዬ አስናቁ ይባላሉ፤ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ትልቅ ምግብ ቤት እየከፈቱ ነበር። ፀሐይ ያለበት ወንበር ላይ ቁጭ አሉ፤ ተነሱ፤ እንደገና ቁጭ አሉ። «ቤቴን በዚህ ሙላልኝ» አሉ። «ለጥር ሰርግ ይድረስልኝ። ደግሞ እንዲህ ነጭ እንደሆነ ይሁን፤ ጭስ የመታው፣ የጠቆረ አልፈልግም። የባላገር ቤት እንዳይመስልብኝ።» አባቴ አንገቱን ደፋ። እናቴ ሁሉንም ተናግራ ጨረሰች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ የሚወራው ስለ በር ብቻ ሆነ። ሥራው ካለቀ ከመናኸሪያው በላይ ካሉት ክፍሎች አንዱን ልንከራይ ነው፤ ግድግዳ ያለው፣ ጣሪያ ያለው፣ የሚቆለፍ በር ያለው። እስከዚያ አባቴ ማታ ማታ ወንበሮቹን ተሸክሞ እየገባ፣ ጠዋት ተሸክሞ እየወጣ ወገቡ አልቋል። እናቴ ቅዳሜ ገበያ ወጥታ ከዕቃ ሁሉ ጓጉንቸር ገዝታ መጣች። «በሩስ?» ስላት «በሩ ይመጣል፤ ቁልፉ ይጠብቀው» አለችኝና ሳቀች። እናቴን እንደዚያ ስትስቅ ያየሁበት ሌላ ቀን አላስታውስም። ቁልፉን በክር አንገቷ ላይ፣ ከማተቧ ጋር አሠረችው።

ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ጠጠር ሲል ቀርቀሃ የሚቆረጥበት ጊዜ ነው። አባቴ ይዞኝ ሄደ። አያ ፈንታ በርኖሳቸውን ደርበው በር ላይ ጠበቁን፤ ግንባሬን ሳሙኝ፤ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ሰጡኝ። እኔ ድንቼን ይዤ ወደ ጫካው ሮጥኩ። የቀርቀሃ ጫካ ውስጥ ቀትር ላይም ጨለም ይላል፤ ጤዛው ቀኑን ሙሉ ይንጠባጠባል፤ ነፋስ ሲመጣ ግንዶቹ እርስ በርስ እየተፋተጉ እንደ አሮጌ በር ይጮኻሉ። ቀና ስል ጫፎቹ ላይ አይቼው የማላውቀው ነገር ተንጠልጥሏል። የአጃ ዛላ ይመስላል፤ ቡናማ ሆኖ ወይን ጠጅ የነካው። ዝቅ ያለውን ጎትቼ ቀነጠስኩና ወደ ወንድማማቾቹ ሮጥኩ።

«አባዬ! እንኳን ደስ ያለህ፣ ቀርቀሃው አበበ!»

አባቴ ቆቡን አወለቀ። አያ ፈንታ ከእጄ ተቀበሉኝ፤ በመዳፋቸው አሹት፣ እፍ አሉበት፣ የቀረውን ትክ ብለው አዩት። ከዚያ በአገውኛ መነጋገር ጀመሩ። እኔ አገውኛ የማውቀው ለምግብ፣ ለከብትና ለቁጣ የሚሆነውን ያህል ነው፤ ያን ቀን ከሦስቱ አንዱም አልነበረበትም። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። ደስታ ድንገት ሲመጣ ትልልቅ ሰዎች እንደዚህ ዝም እንደሚሉ አሰብኩ።

አያ ፈንታ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ቀርቀሃ በዕድሜው አንዴ ነው የሚያብበው። አባቴ አላየውም፤ አያቴም አላየውም።»

«ታድለን!» አልኩ።

«አዎን፣ ታድለን» አሉና ራሴን ዳበሱኝ።

አብቦ እንደሚሞት፣ አንዱ ሲያብብ ከአንድ ሥር የመጣው ሁሉ አብሮት እንደሚሞት እዚያ ሳለን ማንም አልነገረኝም። ቤት ስንደርስ እናቴ ለአባቴ እግር ውሃ ስታቀርብለት ነው የሰማሁት። «አልቋል፤ ክረምት አይደርስም» አላት። አያ ፈንታ ያሉትንም ነገራት። «ከሚሞት ያንተ ይሁን፤ አንዱንም ሳታስቀር ቁረጠው» ብለውታል። የዳንግላዋ ሴትዮ ቤት በፈንታ ቀርቀሃ ይሙላ፣ ከሞተም በክብር ይሙት ብለውታል።

ቀርቀሃው በጋሪ ተጭኖ መጣ። አባቴ የመጀመሪያውን አቆመና ገጀራውን አናቱ ላይ አሳረፈ። ደህና ቀርቀሃ ሲሰነጠቅ ከአናቱ እስከ ሥሩ ይጮኻል፤ እኔ ያንን ድምፅ እወደው ስለነበር ጆሮዬን አቅርቤ ጠበቅሁ። ይሄኛው እንደታመመ ሰው አንዴ ሳል አለና ዝም አለ። አባቴ ገጀራውን ይዞ ቆመ። ሌላ አቆመ። እሱም ያው። ውስጡን በጥፍሩ ፋቀው፤ ከዚያ ቁጭ ብሎ ማጎበጥ ጀመረ። እሳቱ ላይ ውሃ አላወጣም። የበቆሎ ሽታ አልሸተተኝም፤ ወዲያው ስኳር፣ ወዲያው ጭስ።

እናቴ የቀርቀሃ ነገር ባይገባትም የባሏ ጀርባ ይገባታል። «ይርሳው፣ ምን ሆኗል?» አለችው።

«ደርቋል።»

«ከደረቀ ተወው። ከማዶ ያሉት ሰዎች ይሸጣሉ፤ ትላንት በጋሪ ሲያልፍ አይቻለሁ። እንግዛ።»

«አያ ፈንታ እያሉ ከሰው ደጅ ቀርቀሃ ልግዛ? ማዶ ያለው ሰው ዘመዳቸው ነው፤ ሳይመሽ ይሰማሉ። የሞት ሰዓት ስጦታዬን ናቀብኝ ይበሉ?»

«በድብቅ እንግዛ።»

«ቀርቀሃ በኪስ አይገባ፣ የዝና።»

«እሱስ ነው» አለች፤ ግን አልሳቀችም። «እንደማይሆን ታውቀዋለህ አይደል? ንገረኝ። ታውቀዋለህ።»

አባቴ ከእሳቱ ላይ ስንጥቁን አነሳና በጉልበቱ አጎበጠው። ጎበጠ። «ይሄው እሺ አለ» አላት። አንገቷ ላይ ያለው ቁልፍ ቢያስቆጣት ኖሮ ምን ትል ነበር እያልኩ ዛሬም አስባለሁ። ያኔ ግን ዝም አለች፤ ዝም ማለቷ እሺ ማለት መስሎኝ ደስ አለኝ። እኔ ያን ዓመት ዝምታን ሁሉ በደስታ ነው የተረጎምኩት።

ሥራው ለጥር ደረሰ። እንዴት እንደደረሰ አላውቅም፤ አባቴ አልተኛም፣ አያ ፈንታም በመሐል ሁለት ጊዜ ለአጨዳ ጠርተውት ሄዷል። ወንበሮቹ ጭነት መኪናው ላይ ሲወጡ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያይ ነበር፤ ነጭ፣ ሁሉም ፀሐይ የተሸከሙ። አንድ ባለ ባጃጅ «ይርሳው፣ ዳንግላን ልታነጋላት ነው!» ብሎ ጮኸ፤ አባቴ ከአንገቱ ቀና አለ። አንድ ወንበር ተርፎ ነበር። እናቴ ዘመድ ሳያየው ወደ ቤት አስገባችው። የመጀመሪያው ወንበራችን ነው፤ በተራ እንቀመጥበት ነበር፤ እኔ ስቀመጥ እግሬን አወዛውዛለሁ፤ እሷ ስትቀመጥ ዓይኗን ትጨፍናለች።

የአያ ፈንታን ድርሻ አባቴና እኔ ይዘን ሄድን። አያ ፈንታ ለአገው ፈረሰኞች በዓል ፈረሳቸውን እያጠቡ ነበር፤ ውሃው ከእጃቸው ሳይደርቅ ተቀበሉን። ወንበሩን ከምድጃው አጠገብ፣ ጭሱ በሚያልፍበት፣ አስቀመጡትና ቀስ ብለው ቁጭ አሉ። ፈራ ተባ እያሉ ተደገፉ። «ቀርቀሃዬ ሳይሞት ቀረ በለኛ» አሉ። «እጅህ ይባረክ። እጅህ ይባረክ፣ ወንድሜ።» አባቴ ጉልበታቸውን ሳመ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ የጭሱ ይሁን ሌላ እንጃ። ያን ቀን ወንድማማቾቹን ሳይ በዓለም ላይ እኛን የሚያክል ደስተኛ ሰው ያለ አልመሰለኝም።

ሁዳዴ ገባ። አንድ እሑድ ሁሉም ቤተ ክርስቲያን ሄደው እኔ ጉንፋን ይዞኝ ቤት ቀረሁ። ቤቱ ጭር ሲል ከወንበሩ ውስጥ ድምፅ ሰማሁ። ትንሽ፣ የማያቋርጥ፤ ሰው ቆሎ በቀስታ እንደሚቆረጥም ዓይነት። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ወንበሩ ራሱ ነበር የሚቆረጥመው። ከሥሩ መሬት ላይ በደንብ የተነፋ፣ ነጭ ዱቄት ተከምሯል። አልፈራሁም፤ እንዲያውም ደስ አለኝ። እናቴ ሁልጊዜ ዱቄት አለቀ ትላለች፤ ወንበራችን ደግሞ ዱቄት ይፈጫል። በጣሳ ሰበሰብኩት። በማግስቱም ነበር፣ ሰበሰብኩት። ጣሳው ሊሞላ ሲል ለአባቴ ሰጠሁት። «አባዬ፣ ወንበሩ የፈጨልን» አልኩት።

አባቴ ጣቱን ነክሮ አየው። ወንበሩን በአንድ እጁ አንስቶ በቀስታ መሬት ላይ ተከለው። እግሩ እንደ ደረቅ ዳቦ ፍርክስ አለ። ነቅዟል፤ ውጭው ነጭና ደህና፣ ውስጡ ባዶ። አባቴ ስብርባሪውን ትንሽ ቆሞ አየውና ኮቱን ለብሶ ወጣ፤ ዳንግላ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈረ። ሲመለስ «እዚያ ያሉት ገና ቆመዋል» አለና ስብርባሪውን ለቅሞ ወደ ጓሮ አወጣው።

ከፋሲካ በኋላ በአንድ የገበያ ቀን ያ ጭነት መኪና ተመልሶ መጣ። ሱቃችን ፊት ቆመና የኋላ በሩ ሲከፈት ከወንበሩ በፊት ዱቄቱ ፈሰሰ። ገበያተኛው ተሰበሰበ። እትዬ አስናቁም መጥተዋል፤ አልጮሁም፤ ቢጮሁ ይሻል ነበር። «ይርሳው፣ ልሰድብህ አልመጣሁም» አሉ። «ግን ሽማግሌ ሰው ወደቀብኝ። ሰርገኛ ፊት፣ በነጭ ልብሳቸው። ሰውዬው እስካሁን አልተነሡም።» ከዚያ ሁሉም ሰው እንዲሰማ ሳይሆን ከልባቸው ማወቅ ፈልገው ጠየቁት። «የማን ቀርቀሃ ነው? ማን ነው እንደዚህ የሠራህ?»

አያ ፈንታን የሚያውቅ ሰው ከዚያ ሕዝብ መሐል ስንት እንደነበር አባቴ ያውቃል።

«ማንም አልሠራኝም» አለ። «ቀርቀሃው ደህና ነበር። እኔ ነኝ፤ በደንብ ሳላደርቅ፣ ቸኩዬ ነው።»

እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። አባቴ በሕይወቱ ቸኩሎ የሠራው ነገር አልነበረም፤ ይህንን የሚያውቅ ሁሉ ቆሞ አመነው። ማታ ሳይሆን እዚያው፣ ሰው ሳይበተን፣ አባቴ ወደ እኛ ጠጋ ብሎ ቀስ ብሎ ተናገረ። «አያ ፈንታ ጆሮ እንዳይደርስ። ሁለታችሁም። ቢጠይቁን፣ ወንበሩ ዳንግላ ነው፤ ደህና ነው።»

«ንገራቸው!» አለችው እናቴ። «ንገራቸው እንጂ! ሰው ናቸው፣ ይገባቸዋል!»

«ምን ብዬ? አባት ሆነው ያሳደጉኝን ሰው፣ መጨረሻ ያለዎትን ሰጡኝና በእሱ ጠፋሁ ልበላቸው? በዚያው ቀን ይሞታሉ።»

«እኛ ስንሞት ምናለበት?»

ሄዶ ወንበሮቹን ከመኪናው ማውረድ ጀመረ። ከዚያ በኋላ የሚቆም መኪና አልነበረም። ቢቆምም አንድ ሰው ይመጣና «ይሄ ይነቅዛል፣ ዳንግላ ሰው ጥሏል» ይላል። አባቴ አዲስ እሠራለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ነበር፤ በምን ሊሠራ? የተቆረጠው ጫካ ሥሩ እንኳ ደርቋል፤ ከማዶ ልግዛ ቢል አያ ፈንታ ይሰማሉ። እናቴ ክረምቱን ሙሉ ወጥ የሠራችው በተመለሱት ወንበሮች ነው። የነቀዘ ቀርቀሃ እንደ ወረቀት ቦግ ይልና ይጠፋል፤ ሽታ እንኳ የለውም። ፀሐዮቹን አንድ በአንድ ስትከት ቁጭ ብዬ አያለሁ። በሩም ሳይመጣ ቀረ፤ ጓጉንቸሩ መስኮት ላይ ዛገ።

ሰኔ ላይ አባቴ ወደ ጫግኒ ሊወርድ ወሰነ፤ እህል መጋዘን ጆንያ ለመሸከም። ሳይሰናበታቸው መሄድ ስለማይሆን አያ ፈንታ ዘንድ ይዞኝ ሄደ። ዝናብ ነበር። ከምድጃው አጠገብ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ጠቁሯል፤ አምሮበታል።

«የእጅ ሥራውን ተውኩት፣ አያ» አላቸው። «ሰለቸኝ።»

አያ ፈንታ መጀመሪያ የሰሙ አልመሰሉም። ከዚያ ፊታቸው ተለዋወጠ። «ሰለቸኝ? እግዜር የሰጠህን እጅ ጥለህ ጆንያ? ቀርቀሃዬን፣ የአባቶቼን፣ አንድ ሳላስቀር የሰጠሁህ እንዲሰለችህ ነው?» የወንበሩን እጅ በመዳፋቸው መቱት፤ ጧ አለ፤ እንደ ድሮው ቀርቀሃ ጮኸ። «ይሄው! ይሄ ያንተ እጅ አይደለም? የኔ ቀርቀሃ አይደለም? ምን ሆነ? ብረት ነው! ቸኩሎ ሠራ ሲሉኝ አላመንኩም ነበር፤ ስንፍና ነው የያዘህ። ልጄ ብዬ ነው ያሳደግሁህ፤ ውለታ ቢስ!»

የአባቴ አፍ ሲከፈት አየሁት። አሁን ይናገራል ብዬ ልቤ ዘለለች። ወንበሩን አየ፣ ከምድጃው የሚወጣውን ጭስ አየ፣ የወንድሙን እጅ አየ።

«እውነትዎን ነው፣ አያ» አለ። «እግዜር ይስጥልኝ።» ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። እሳቸው ጉልበታቸውን ሰበሰቡበት።

መንገድ ላይ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚታችን ነበር። ያ ወንበር ለምን እንዳልነቀዘ ጠየቅሁት። «ጭሱ ነው። ነቀዝ ጭስ አይደፍርም። በድሮ ቤት ቀርቀሃ ነቅዞ አያውቅም፤ ስለዚህ ያበበ ቀርቀሃ እንደሚነቅዝ አያ ፈንታ አያውቁም» አለኝ።

«ታዲያ ለምን አልነገርካቸውም?»

«ያለውን ሁሉ የሰጠህን ሰው፣ የሰጠኸኝ መጥፎ ነበር አይባልም፣ ልጄ።»

«እኛስ?» አልኩት።

ኮቱን አውልቆ ደረበልኝና ወደፊት ሄደ። ይህንን ጥያቄ ዳግመኛ አልጠየቅሁትም። በሚቀጥለው ሳምንት ጫግኒ ወረደ፤ ከዚያ ወዲህ አባቴ ለበዓል የሚመጣ ሰው ሆነ።

አያ ፈንታ ቤት ጀርባ አሁን ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ተተክሏል። ሁሉም ይተክላል፤ አምስት ዓመት ሳይሞላው ተቆርጦ ከሰል ይሆናል። ለቅሶው ላይ ሳለሁ የሚከስለው እንጨት ሽታ ከውጭ ይገባ ነበር። አጠገቤ ያሉ አንዲት አሮጊት የተቀመጥኩበትን ወንበር መታ መታ አደረጉና ለጎረቤታቸው ነገሯቸው። «ይሄን የሠራው ታናሽ ወንድማቸው ነው። እጅ ነበረው፤ ስንፍናው ነው እንጂ። ሟች እስኪያሸልቡ ይቆጩ ነበር። አሳድጌው ሰው አልሆነልኝም ይሉ ነበር።»

ተነሣሁ። ዛሬ እንኳ ብናገር የሚሞት ሰው የለም ብዬ ነው። አባቴ ግን ከበሩ ሥር፣ ወንዶቹ መሐል፣ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል፤ አሮጊቷ ያሉትን ሰምቷል። ቀና ብሎ አየኝና ራሱን ነቀነቀ፤ አይሆንም ማለቱ ነው። ከዚያ ወደ አሮጊቷ ዞሮ፣ ያፈረ ሰው ድምፅ አውጥቶ፣ «እውነትዎን ነው፣ እማማ» አላቸው።

ተመልሼ ተቀመጥኩ። ወንበሩ ድምፅ እንኳ አላሰማም።